ሆዱ የተቀደደው ድራም

ጭሮ ውስጥ ኖሮ የአጥናፉን ድራም ያልሰማ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው፣ ወይ ጆሮው ላይ ችግር አለ። አጥናፉ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ በዚህ ከተማ ሠርግ ሁሉ ላይ ሲመታ የኖረ ሰው ነው። የዛሬዎቹን ሙሽሮች እናቶች የሸኘው እሱ ነው፤ አሁን ደግሞ ልጆቻቸውን ይሸኛል። በአዘቦት ቀን ባጃጅ ይነዳል። ሠርግ ሲኖር በእግር የሚመታውን ትልቁን ድራም፣ ቤዝ የሚሉትን፣ ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ወፍራም ተሳፋሪ አስቀምጦ ይሄዳል። ከተማው ለምዶታል፣ ማንም ዞሮ አያየውም።

ችግሩ ድምፁ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ያ ድራም አንዴ ከተመታ «ቡውውው» ይልና ማቆሚያ የለውም። የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛው ይደርስበታል፣ በሁለተኛው ላይ ሦስተኛው ይወጣበታል፣ ዘፋኙ ምን እንዳለ የሚያውቁት ፈጣሪና ራሱ ዘፋኙ ብቻ ናቸው። ከከተማው ወዲያ ማዶ ያለ ሰው ግን ዛሬ በየትኛው ሰፈር ሠርግ እንዳለ አልጋው ላይ ተኝቶ ያውቃል። አጥናፉ ይህን እንደ ሙያ ቆጥሮት ኖሯል። ካልተሰማ ታዲያ ለምን ይመታል ባይ ነው።

አንድ ልጅ ነው ያለችው፣ ኤደን። ተምራ ሂርና ላይ አስተማሪ ሆነች፣ እዚያው ህሩይ የሚባል ደህና ልጅ አገኘች፣ ሽማግሌ ተላከ፣ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ታዲያ አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ ስለ ድንኳን፣ ስለ ወንበር፣ ስለ ወጥ ቤት ሲመካከሩ ቆዩና ወሬው ሙዚቃ ላይ ሲደርስ፣ ኤደን አንገቷን ደፍታ ከድሬዳዋ ዲጄ ብናስመጣስ አለች። አጥናፉ የቀለደች መስሎት ሳቀ። ብቻውን እንደሳቀ የገባው ሚስቱ እፀገነት ሳህን መሰብሰብ ስትጀምር ነው።

«አባዬ፣ በሌላው ሰው ሠርግ ምታ» አለች ኤደን። «በእኔ ሠርግ ግን አባት ሁንልኝ። ቁጭ በልና እንግዳ ተቀበል።»

ለምን ቢላት መናገር አልፈለገችም፤ እናቷ ስትጎተጉታት ግን ተነፈሰች። ለካስ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳለች «የቡው ልጅ» እያሉ ነው ያሳደጓት። አስተማሪው ስም ሲጠራና እሷ አቤት ስትል ከኋላ ወንበር አንዱ አመዳም «ቡውው» ይላል፣ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን አጥናፉ ምኑንም አልሰማም። እንዴት ይስማ፣ ሲመታ ነበራ።

ኩም አለ። የዚያን ቀን ከሰዓት ባጃጁን አላወጣም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሰው መቼም የየራሱ ሕልም አለው፤ የአጥናፉ ሕልም ቤት መሥራት አይደለም፣ መኪና መግዛት አይደለም። የሰው ልጅ ሁሉ በእሱ ድራም ሲሸኝ አይቶ አይቶ፣ የራሱን ልጅ የሚሸኝባትን አንዲት ቀን ነው ሲጠብቅ የኖረው። ኤደን ገና ጡት ሳትጥል ለዚያ ቀን የሚመታውን ምት በጣቱ አንቀልባዋ ላይ ይለማመድ ነበር። አሁን ያቺ ቀን ደርሳ እሱን ወንበር አመላላሽ ልታደርገው ነው።

እፀገነት ባሏን እንዲህ ሆኖ ማየት አልቻለችም። ደግሞ ልጅቷም ወዳ እንዳልሆነ ታውቃለች። መሐል ገብታ ሁለቱንም አስማማች። በሚቀጥሉት ሳምንታት ቦኬ ላይ አጥናፉ የሚመታበት፣ የጓደኛው የሙሜ የወንድም ልጅ ሠርግ አለ፤ ኤደንም ተጠርታለች። ሄዳ ትስማ። ድራሙ እንደ ሰው ድራም ከተናገረ አባቷ ይመታል። «ቡውው» ካለ ዲጄው ይመጣል፣ አጥናፉም ሁለተኛ አያነሳውም። ኤደን በማርያም ስም ቃል ገባች፣ አጥናፉም እያጉረመረመ ተስማማ።

ሙሜ ማለት አጥናፉ የሚመታበት ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነው። ጠዋት ጫት ይነግዳል፣ ማታ ኦርጋን ይነካል፣ ከአጥናፉ ጋር ደግሞ ካልተሰዳደቡ ቀኑ የዋለ አይመስላቸውም። ነገሩን ሲሰማ ለጓደኛው አዘነ፤ ካዘነ በኋላ ልጅቷ እውነቷን ነው አለው። ያንተ ድራም ሆዱ ውስጥ ነፋስ ታፍኖበታል፣ ማስተንፈሻ ያስፈልገዋል ብሎ ስልኩን አወጣ። ስልኩ ላይ አንድ ፂማም ፈረንጅ የድራሙን የፊት ቆዳ ወደ ታች ጥግ ላይ ክብ አድርጎ ይቀድና፣ በቀዳዳው ጥቁር የፕላስቲክ ቀለበት ይገጥማል። ሳይቀደድና ከተቀደደ በኋላ እየመታ ያሰማል። ሳይቀደድ ቁርጥ የአጥናፉን ድራም ነው። ከተቀደደ በኋላ ግን «ዱም» ይላል፣ አለቀ፣ ዝም።

አጥናፉ ደጋግሞ ሰማው። ጤነኛ ቆዳ በምላጭ መቅደድ ሳይቸግር ጤፍ ብድር መስሎ ታየው፤ ግን ቸግሮታል። ቀለበቱ አዲስ አበባ ተገኘ፣ የሙሜን ጫት አራግፎ በሚመለስ ሾፌር እጅም መጣ። እፀገነት አገላብጣ አየችውና የየትኛው ድስት ነው አለች።

አሁን ወደ መቅደዱ እንሂድ፣ ብንተወውም ደስ ባለኝ። ሁለቱ ሰዎች ድራሙን በረንዳ ላይ አስተኙት። ሙሜ ቪዲዮውን ሊከፍት ቢል ኔትወርክ የለም። ቢጠብቁ ምን ነበረበት? አይጠብቁም። ሙሜ በቃ አይተነዋል አይደል አለ፤ አጥናፉም አይተነዋል አለ። ቀለበቱን ቆዳው ላይ አጋድመው በውጪ በኩል በእስክሪብቶ ዞሩት፣ ሙሜ ያዘ፣ አጥናፉ ምላሱን ነክሶ በምላጭ ቆረጠ። ያማረ ክብ ወጣ። ተጨባበጡ። ከዚያ አጥናፉ ቀለበቱን ሊገጥም ወደ ቀዳዳው ሲያስጠጋው፣ ቀለበት ሆዬ ዘው ብሎ ገባና ድራሙ ሆድ ውስጥ ኳ አለ።

ለካ የሚቆረጠው በቀለበቱ ውስጠኛ በኩል ኖሯል፤ የተረፈው ጠርዝ ነው ቀለበቱን የሚይዘው። ኔትወርኩ ሲመለስ ፈረንጁ ይህንኑ በጣቱ እየጠቆመ ሲያስረዳ አዩት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይሄ ነው። እፀገነት የበሩን መቃን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ልትቆጣ ብላ አፏን በከፈተች ቁጥር ሳቁ ይቀድማታል። ሙሜ ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው ይላል።

አጥናፉ ግን አልሳቀም። ዳሩ ያልታሰረ ቆዳ በተመታ ቁጥር እየተተረተረ እንደሚሄድ ያውቃል። ሌላ ቆዳ ደግሞ ከቦኬው ሠርግ በፊት ከየትም አይደርስም። ከድጡ ወደ ማጡ ገባ። በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ በቀዳዳው ወደ ውስጥ ሲያይ ቆየና ቀና ቢል ባጃጁ በር ላይ ቆማ በፊት መብራቷ ታየዋለች። መብራቷ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ የብረት ክፈፍ አለው። ተነሳ፣ ሄደ፣ በስንዝሩ ለካ፣ ተመልሶ መጥቶ ቀዳዳውን ለካ። ሙሜ ገና ምን ልትሠራ ነው ሳይል ብሎኑ መፈታት ጀምሯል።

ልክክ አለ። በትንንሽ ብሎን ከቆዳው ጋር አጣብቆ አሰረው፣ ዳሩ ተያዘ። የባጃጇን መብራት መስታወት ደግሞ በፕላስተር ጠቀለለው፤ በማግስቱ ፌርማታው ላይ ያሉ ሾፌሮች ባጃጅህን ዓይኗን ምን አገኛት እያሉ ምሕረት ለመኑላት። ድራሙ ግን ተሻለው። የድሮው ጅራት አጠረ። እንደ ፈረንጁ «ዱም» አይበል እንጂ፣ አሁን «ቡው» ብሎ ትንሽ ቆይቶ ያርፋል። ለአጥናፉ ግን መዓዛው እንደ ጠፋ ወጥ ሆኖበታል፤ የሆነ ነገር ይጎድለዋል፣ ምን እንደሆነ ግን አያውቀውም። በዚሁ ቦኬ ሄዱ።

የቦኬው ሠርግ ደማቅ ነበር። ከምሳ በኋላ ሽማግሌዎቹ በድንኳኑ ውስጥ ትራስ ተደግፈው የጫት በርጫቸውን ጀመሩ፣ ወጣቱ ከፊት ይጨፍራል። ኤደን ከሴቶቹ ጋር ከዳር ተቀምጣለች፣ እጇን አጣምራ። አጥናፉ ከድራሙ በላይ አሻግሮ ፊቷን ያያል። አንዱ ዘፈን አለቀ፣ እጇ አልተፈታም። ሁለተኛው አለቀ፣ እጇ አልተፈታም። የአስተማሪ ፊት ይዛ ነው የመጣችው፤ የሚፈተነው ደግሞ አባቷ ነው።

ከድራሙ ፊት ለፊት ሐጂ በድሪ ተቀምጠዋል፣ የሙሜ አጎት። የተከበሩ፣ ጽዱ ሰው ናቸው። ቅጠሉን ከላይ ከላይ ቀጥፈው የተረፈውን ገረባ የሚጥሉበት ፈለጉ። የቤቱ ሰው አዲስ ምንጣፍ አንጥፏል፤ እዚያ ላይ አይጣልም። ቀና ሲሉ እጃቸው ከሚደርስበት፣ በሚያብረቀርቅ ብረት የተከፈፈ ክብ ቀዳዳ አዩ። ዘንድሮ ሰው ሠለጠነ ብለው በልባቸው አመስግነው ገረባቸውን አስገቡ። አጠገባቸው ያሉት አዩ። የሐጂ በድሪን ያህል ሰው ያደረገውን ማን አያደርግም? የሩቆቹ ደግሞ በትሕትና ከእጅ ወደ እጅ ያቀብላሉ፣ የቅርቦቹ ይጨምራሉ። አጥናፉ ከድራሙ ወዲያ ነው፣ ምኑን ያየዋል።

ብቻ አንድ ነገር ሰማ። እግሩ ያው እግር ነው፣ ፔዳሉም ያው ነው፣ ድምፁ ግን በየዘፈኑ እየጠበቀ፣ እየጠራ፣ ሥጋ እየለበሰ መጣ። «ቡው» የነበረው «ቡም» ሆነ። ቀጥሎ «ዱም» አለ፣ አለቀ፣ ዝም። ሙሜ ከኦርጋኑ ላይ ዞሮ ዓይኑን አፈጠጠበት። ዘፋኟ ጣሂራ የገዛ ድምፅዋ ስለተሰማት ደንግጣ አንድ ስንኝ ዘለለች። አጥናፉ ኤደንን ፈለጋት። እጇ ተፈቷል። ትንሽ ቆይታ ተነሳች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ከቦኬ ልጃገረዶች መሐል ገብታ ጨፈረች። ከልጅነቷ ወዲህ በእሱ ድራም ስትጨፍር አይቷት አያውቅም።

በእረፍት ሰዓት ጎንበስ ብሎ በቀዳዳው ሲያይ ድራሙ ግማሽ ሆዱ ድረስ ገረባ ነው። ደሙ ፈላ። ማነው ይህን ያደረገው ሊል ሲል ሐጂ በድሪ ቀደሙት።

«ልጄ፣ እኛ ሰው ቤት አናቆሽሽም» አሉት በእርጋታ። «ይህን አስባችሁ ማዘጋጀታችሁ ደግ አደረጋችሁ። ክዳን ብቻ ቀርቶታል።»

አጥናፉ እኚህን ሰው ምን ይላቸዋል? የድራሙ ፍሬን፣ ያ ሲጎድለው የነበረው ነገር፣ ይኸው በእሳቸው እጅ ገብቷል። ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ። እሳቸውም አሚን አሉ፣ ለምን እንደተሳሙ ሳያውቁ። ኤደን መጥታ አባዬ ምን አድርገኸው ነው ብትለው ቀለበቱ ነው አላት፤ ይህን ያህል እንኳ አልዋሸም። እሷም ሳቅ ብላ በቃ አንተ ነህ የምትመታው አለችው። ወደ ጭሮ ሲመለሱ አጥናፉ መንገዱን ሁሉ ለብቻው አፏጨ።

አሁን ገረባው ከድራሙ ሊወጣ አይችልም፤ ጉዳዩ ግን ለእፀገነት ጆሮ ደረሰ፣ ሙሜ አፉን መቼ ይዞ ያውቃል። እፀገነት ወገቧን ይዛ በልጄ ሠርግ ላይ፣ የነፍስ አባታችን በሚባርኩበት ቤት፣ ገረባ የሚባል አይገባም አለች። አጥናፉ ቤት ውስጥ እኮ አይደለም ድራም ውስጥ ነው ብሎ ተከራከረ። ተረታ። አወጣዋለሁ ብሎ ማለ፣ አላወጣውም። ሙሜ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ቅጠሉን ስሸጥ ኖሬ ገረባ ብርቅ የሆነበት ሰው ያየሁት ዛሬ ነው እያለ በየሄደበት ያወራል።

የሠርጉ ቀን ጠዋት አጥናፉ ከሁሉም ቀድሞ ድራሙን ከድንኳኑ ሥር ተከለ። ከዚያ ልብሱን ሊቀይር ገባ። ሱፉን ለብሶ፣ ከረባቱ እያነቀው ሲወጣ፣ ለወጥ የተገዛችው ቀንድ አልባ ፍየል ገመዷን በጥሳ ከድራሙ ፊት ቆማለች። የሚታየው ግን ከአንገቷ በታች ያለው ብቻ ነው። ጭንቅላቷ ቀዳዳው ውስጥ ነው። በዚህ አገር ፍየል ገረባ እንደምትወድ ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ አጥናፉም ያውቃል፤ ግን ማን ድራም ላይ ትመጣለች ብሎ ያስባል። ጎትቶ አወጣት። እያኘከች አየችው። ውስጡን በእጁ ዳበሰ፣ አንድ እንጨት እንኳ አላስተረፈችም።

ፔዳሉን ረገጠ። «ቡው» አለ።

ሙሜን ጠራው፣ ሙሜም ሮጦ መጣ። ገረባ አምጣልኝ ሲለው ሙሜ አዝኖ ራሱን ነቀነቀ። ሰው ገና ቁርሱን ሳይበላ፣ ማን ቅሞ ገረባ ይኖራል? ገረባ የከሰዓት ነገር ነው። የሙሽራው ሰዎች ደግሞ ከሂርና ተነስተዋል። እፀገነት ጩኸቱን ሰምታ ወጣች፣ ፍየሏን አየች፣ ነገሩ ገባት፤ ቃል አባይነቱን ለሠርጉ ማግስት ቀጠረችለት። አጥናፉ ከረባቱን ፈታ። ከዚህ በላይ ልጁን አያሳፍራትም። የትንንሾቹን ድራሞች ዱላዎች ሰብስቦ በሱፉ ኪስ ከተተና፣ ሙሜ በኦርጋኑ ብቻውን ይጫወትልን፣ እኔ እንግዳ እቀበላለሁ አለ።

ኤደን በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ቬሎዋን ለብሳለች፣ ፀጉሯ ግማሹ ብቻ ተሠርቷል። ፍየሏን አየች፣ ድራሙን አየች፣ አባቷን አየች። ገረባ ነበር እንዴ የጨፈርኩት ብላ ጠየቀች። ዞራ ገባች። አጥናፉ አለቀልኝ አለ በልቡ። ተመልሳ ስትወጣ የራሷን ትራስ አቅፋለች፣ ከአልጋዋ ላይ አንስታ። ሚዜዎቿ ቬሎው ቬሎው እያሉ እየተከተሏት ድራሙ ፊት ተንበረከከች፣ ትራሱን በሁለት እጇ ጨምቃ በቀዳዳው አስገባች፣ ክንዷን እስከ ብብቷ ሰዳ ከውስጥ አስተካከለችው።

«ምታው እስኪ» አለችው።

መታው። «ዱም» አለ፣ አለቀ፣ ዝም። ኤደን ተነሳች፣ ጉልበቷን አራገፈች፣ ፀጉሯን ለማስጨረስ ገባች። የአጥናፉን ከረባት ሙሜ አሰረለት፣ ያለወትሮው ምንም ሳይሳደብ።

ሙሽራው መጣ፣ በሩ ላይ ተከለከለ፣ ለመነ፣ ገባ። አጥናፉ እንደዚያ ቀን መትቶ አያውቅም። ምቱ እንደ መዶሻ ልክ ልኩን ይመታል፣ የጣሂራ ድምፅ አንድ ቃል ሳይጎድልበት ይወጣል። እንግዳው ሲጨፍርባቸው የኖረባቸውን ዘፈኖች ግጥም ያን ቀን ነው የሰማው። ጎረቤቲቱ እመት አዳነች ይህ ሁሌ እስክስታ የምንመታበት ዘፈን ለካ የሙሾ ያህል የሚያሳዝን ነው ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። የነፍስ አባት እንኳ በመቋሚያቸው መሬቱን ቀስ ብለው ይነካሉ፤ የድራሙን ሆድ ታሪክ አልሰሙም።

ከዚያ መሰናበቻው ደረሰ። ሁለት ወንበር ተደረደረ፣ እፀገነት በአንዱ ተቀመጠች፣ ሽማግሌዎቹ አጥናፉን ና ተቀመጥና ጉልበትህን ትሳም አሉት። እሱ ይህን ዘፈን ልጨርስ አለ። ዘፈኑ ማለቂያ አልነበረውም። እያወቀ ነው፤ ካቆመ ትሄዳለች። ኤደን የእናቷን ጉልበት ስማ፣ ተላቅሰው ሲያበቁ ቀና አለች፣ ባዶውን ወንበር አየች። ቬሎዋን ሰብስባ በኦርጋኑና በድራሙ መሐል ተሹለክልካ መጣች። አጥናፉ ዱላዎቹን እያነሳ እየጣለ ሳለ አጠገቡ ተንበረከከችና ቀኝ ጉልበቱን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው።

ቀኝ እግሩ ቆመ። ድራሙ ዝም አለ። የሚጨፍረው ሰው እግሩን የት እንደሚጥል ጠፍቶት ግማሹ ከግማሹ ተጋጨ። ሙሜ ዞሮ አየና እጁን ከኦርጋኑ ላይ አነሳ። አጥናፉ ጎንበስ ብሎ የልጁን ራስ ሳመ። የሚመርቅበት ቃል ነበረው፣ ስንት ዓመት ያዘጋጀው፤ አንዱም አልመጣለትም።

«አባዬ፣ እስክርቅ ድረስ ልስማህ» አለችው ጆሮው ላይ።

መኪኖቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ ወጡ። አጥናፉ ዓይኑን ጠርጎ መምታት ጀመረ። ምቱ ያማረ፣ የጠራ ነው፤ «ዱም»፣ አለቀ፣ ዝም። መኪኖቹ አስፋልቱን ያዙ፣ ወደ ሂርና የሚወስደውን ዳገት ጀመሩ። አጥናፉ ያኔ ነው የገባው። ድምፅ የት ድረስ እንደሚሄድ ዕድሜውን ሙሉ ያውቀዋል፤ ይሄ ያማረ ድምፅ ከአጥሩ አያልፍም። ልጁ እየራቀች ነው፣ አትሰማውም።

ዱላዎቹን ጣለ። ከድራሙ ፊት ሄዶ በሱፉ ተንበረከከ፣ ክንዱን በቀዳዳው ሰደደ፣ ትራሱን ጎትቶ አወጣ፤ ጥጥ ጥጡ ረገፈ። ሙሜ ምን ነካህ አለው። የባጃጇን የብረት ክፈፍም ብሎኑን በጥፍሩ ለመፍታት ታግሎ ሲያቅተው፣ እጥፍ ያለ የምግብ ጠረጴዛ ጨርቅ ከአጠገቡ ስቦ ቀዳዳውን ሸፈነ፣ በላዩ የእንግዳ ትሪ ደገፈበትና ሙሜን ያዝ አለው። ሙሜ ያዘ። አጥናፉ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ትራሱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፣ በሙሉ ጉልበቱ ረገጠ።

«ቡውውው።»

የድንኳኑ ሸራ ተንቀጠቀጠ። የነፍስ አባት ደረታቸውን ያዙ። አጥናፉ ደገመ። ሌላ ምንም አልነካም፤ ያን ትልቁን ብቻ፣ ደጋግሞ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው እየደረሰበት። እንግዳው ሁሉ ወደ ዳገቱ ዞሮ ቆመ። መኪኖቹ ከሩቅ እንደ ጥንዚዛ ተራ በተራ ሲወጡ ይታያሉ። የፊተኛዋ ቀጥ ብላ ቆመች። በሯ ተከፈተ፣ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት ወረደችና ወደ ከተማው ዞራ ቆመች።

አጥናፉ እያለቀሰ መታ። እሷ እሱ ሳያቆም ላትገባ ነው፣ እሱም እሷ ሳትገባ ላያቆም ነው። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጡሩምባ ነፉ፣ ሚዜዎቹ ወረዱ፣ ሙሽራው ወረደ፤ ነጭ ለባሿ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። የሙሜ እጅ በትሪው ንዝረት ደነዘዘ፣ እሱም አልለቀቀም።

በመጨረሻ እፀገነት ከወንበሯ ተነሳች። በሕዝቡ መሐል አልፋ መጣችና የባሏ ጉልበት ላይ እጇን አኖረች።

«በቃ አጥኔ፣ ልቀቃት» አለችው። «መንገድ አለባት።»

አጥናፉ እግሩን ከፔዳሉ ላይ አነሳ። ድምፁ ትንሽ ቆይቶ አለቀ። ዳገቱ ላይ ነጭ ለባሿ እጇን ከፍ አድርጋ አውለበለበች፣ ወደ መኪናው ገባች፣ መኪኖቹም ሄዱ።